አርምልኝ ያልኩት

ሰኞ፣ የሴሚስተሩ ሦስተኛ ሳምንት

የመድኃኒት ስሌት አብሮኝ ያስተምር የነበረው ልጅ ሥራ ለቀቀ። የተሻለ አግኝቶ ነው፣ ይቅናው። የሱ ተማሪዎች በኔ ላይ ተደረቡ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ኮሪደር ላይ አስቁሞ ነው የነገረኝ፣ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ። ለጊዜው ነው አለኝ። እዚህ ግቢ ውስጥ ለጊዜው ተብሎ ቋሚ ያልሆነ ነገር አይቼ አላውቅም።

ተማሪዎቼ ነርስ የሚሆኑ ልጆች ናቸው። ሐኪሙ ይህን ያህል ስጡ ብሎ ሲያዝ ከብልቃጡ ስንት መቅዳት እንዳለባቸው ማስላት ነው የማስተምራቸው። ሴሚስተሩ ሳያልቅ ሆስፒታል ወጥተው መርፌ ይይዛሉ። እስከ ዛሬ ወረቀታቸውን አንድ በአንድ አርሜ ነበር የምልካቸው። ዘንድሮ እንጃ።

ቤት ስገባ እትዬን ጓሮ ስታርም አገኘኋት። ታላቅ እህቴ ናት፣ ባሏ ካረፈ ወዲህ አብረን ነን። ከአረሙ ጋር ካሮቱንም ነቅላ ከምራዋለች። «ተመሳሰሉብኝ» አለች። ሳቅን።

ሐሙስ

ስብሰባ። ኃላፊያችን መምህራን ሁሉ በሰው ሠራሽ አስተውሎት መሥራት እንዲጀምሩ ተወስኗል አለ። ከጀርባው «ቶሎቶሎ» ነው የምንለው፣ ቃሉ ካፉ ስለማይጠፋ። ፈተና ማውጣቱንም፣ ማስታወሻ ማዘጋጀቱንም፣ እርማቱንም በሱ ነው። ዋናው ትእዛዝ አጻጻፉን ማወቅ ነው፣ ማሽኑ የሚሠራው የታዘዘውን ነው አለ። ከዚያ ዓይኑ ዞሮ ዞሮ እኔ ላይ አረፈ። ሥራ የበዛብኝ እኔ ስለሆንኩ እኔው ተምሬ ሌሎቹን ላሠለጥን ነው። የአናቶሚው መምህር ጠጋ ብሎ፣ እዚህ ቤት የሚጫነው የተጫነችው አህያ ላይ ነው አለኝ። አንድ ቢሮ ነን። ጡረታው ስለደረሰ የፈለገውን ይናገራል።

እምቢ ማለት እችል ነበር። ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስሜ ሲጠራ ትንሽ ደስ ብሎኛል መሰለኝ።

ቅዳሜ

«ስለ መድኃኒት ስሌት ፈተና አውጣልኝ» ብዬ ጻፍኩለት። አወጣ። ለሐኪም ይሁን ለፋርማሲ ባለሙያ የማይታወቅ፣ ግማሹ ልጆቼ ሰምተውት የማያውቁት ነገር። ተናደድኩ። ቆይቼ ሳስበው ጥፋቱ የሱ አይደለም። እኔ ማን እንደሆንኩ፣ ልጆቹ የት እንደደረሱ፣ ምን እንደሚከብዳቸው መች ነገርኩት? እንደገና ጻፍኩ። የሁለተኛ ዓመት የነርስ ተማሪዎች ናቸው፣ ሚሊግራምን ወደ ሚሊ ሊትር መለወጥ ተምረዋል፣ የጠብታ ስሌት ገና ነው፣ ጥያቄው ዎርድ ውስጥ የሚያጋጥም ታሪክ ይሁን አልኩት። ከራሴ ፈተናዎችም አንዱን ለናሙና ጨመርኩለት። ያኔ የሚረባ ነገር መጣ።

ለእትዬ ይህን ሁሉ ሳጫውታት ቆይታ፣ «እኔ ጨው የት ነው ስልሽ ‘እዚያ’ ነው የምትዪኝ። ለዕቃ ግን እንዲህ አፍታትተሽ ታስረጃለሽ» አለችኝ።

ጨዉ ደግሞ ፊት ለፊቷ ነበር። የዓይን ሐኪም ጋ ልወስዳት አስቤ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት።

ረቡዕ፣ ስድስተኛ ሳምንት

ሥልጠናው አለቀ። ጉሮሮዬ ደርቋል፣ እግሬ አብጧል፣ ግን ወጣሁት። ለማን እንደሚሠራ ሳትነግሩት ሥራ አትስጡት፣ የምትፈልጉትን በናሙና አሳዩት፣ የማትፈልጉትንም ጻፉለት አልኳቸው። እርግጠኛ ያልሆነበትን እንዳይቀባጥር «ካላወቅህ አላውቅም በል» በሉት ስል የአናቶሚው መምህር፣ አላውቅም የሚል ከተገኘማ ኃላፊ እናድርገው አለ። ቶሎቶሎ ራሱ ሳቀ።

ዞሮ ዞሮ ሁሉም የፈለጉት ያለቀለት ትእዛዝ ነው። ማብራሪያሽን ተይውና የጻፍሽውን ላኪልን፣ ቀድተን እንጠቀምበታለን አሉኝ። ላኩላቸው። የእርማቱን ትእዛዝ ስንት ጊዜ እንደሞረድኩት እኔ ነኝ የማውቀው። እዚህም ልገልብጠው፣ ስለወደድኩት፦

«የነርስ ትምህርት መምህር ነህ። ከዚህ በታች ያሉት የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች መልሶች ናቸው። እያንዳንዱን መልስ አርምልኝ። ከዚያ በመመዘኛው መሠረት ከሃያ ነጥብ ስጥ። ለተማሪው አጭር፣ የማያሸማቅቅ አስተያየት ጻፍ።»

ስሞክረው ሴቶቹን ሁሉ «ጎበዝ ነህ» እያለ አስቸገረኝ። «ለሴት ተማሪ አንቺ በል» የሚል ጨመርኩበት። እንዲህ ያለውን ነገር እኔ አላሳልፍም።

ዓርብ፣ ስምንተኛ ሳምንት

ፈተና። ኮምፒውተር ክፍል። መብራት ሄደ፣ መጣ። አንዱ የጻፈው ጠፋበት፣ አለቀሰ። ሁለቱም ሴክሽን በአንድ ቀን። ምሳ የለም። ቶሎቶሎ ሁለቴ ደወለ፣ ውጤት መቼ ነው እያለ። ገና እየጻፉ ነው አልኩት።

እሁድ

መልሶቹን በሙሉ ለማሽኑ ሰጠሁት። ድሮ ቅዳሜና እሁዴን ይበላው የነበረው ሥራ እትዬ ሻይ አፍልታ እስክታመጣ አለቀ። ቁጭ ብዬ ባዶ እጄን አየሁ። እትዬ ሻዩን ከብርጭቆው ጎን ቀድታው ጠረጴዛው ራሰ። እኔ ጠረግኩት።

ማሽኑ ሁለት ነገር ነው የሰጠኝ። ረጅሙ የየተማሪው ዝርዝር ነው፣ አጭሩ የነጥብና የአስተያየት ሰንጠረዥ። ሰንጠረዡን ወሰድኩ። ልክ መሆኑን ለማየት የጎበዞቹን መልስ አውጥቼ በእጄ አረምኩ፣ የነሱ ፈጥኖ ይታያል። ልክክ አለ። የሰነፎቹንም ማየት ነበረብኝ። ነገ አያለሁ።

ማክሰኞ

ውጤት ተለጠፈ። ቶሎቶሎ በሩን ሳያንኳኳ ገባ፣ እጄን ጨበጠኝ። እንዲህ ያለ ውጤት በዚህ ኮርስ ታይቶ አይታወቅም አለ። ለበላዮቹ ሪፖርት ሊያደርግ ነው። ዘንድሮ ልጆቹ ጎበዞች ናቸው አልኩት። አነጋገሬ ለራሴም ጥሩ ሆኖ ተሰማኝ።

ደረጃው ላይ ሁለት ተማሪዎች ከፊቴ እየወረዱ ያወራሉ። ሴትዮዋ ምን ነክቷት ነው፣ ለሰለሰች ትላለች አንዷ። ሌላዋ፣ ዝም በይ፣ ሰምታ እንዳትቀይረው አለቻት። እርምጃዬን ቀነስ አደረግኩ። ልጆች ሁሌም ያወራሉ።

የሰነፎቹን ገና አላየሁም።

ሐሙስ

የሆስፒታሉን ድልድል ስሠራ ነው የዋልኩት። መሃል ላይ ጭምቷ መጣች። ከኋላ ወንበር የማትነሳው ልጅ ናት፣ እጅ አውጥታ አታውቅም፣ ለዚህ ነው በልቤ ጭምቷ የምላት። በሩ ላይ ቆማ፣ «መምህር፣ ነጥቡ አልገባኝም» አለች።

ሰንጠረዡን ከፈትኩ። ከሃያ አሥራ ስምንት። ሌላው አነሰ ብሎ ይመጣል፣ አንቺ በዛ ብለሽ መጣሽ? አልኳት። «አይ፣ እሱን ሳይሆን... ነጥቡ» አለች። ስልኬ ጮኸ። በራስሽ ተማመኚ አልኳት፣ ስልኩን እያነሳሁ። በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታው ሄደች።

ጥሩ ልጅ ናት። ትንሽ ድፍረት ነው የሚጎድላት።

ረቡዕ፣ አሥራ አንደኛ ሳምንት

ልጆቹ ሆስፒታል ከወጡ ሦስተኛ ቀናቸው ነው።

ክፍል ውስጥ ሳለሁ የዎርዱ ሲስተር ደወለች። እሷ ስትደውል ለሰላምታ አይደለም። «አንዷ ልጅሽ አምስት ሚሊ ቀድታ አልጋው ጋ ደርሳለች። ግማሽ ሚሊ ነው የሚሰጠው። እጇን ይዤ ነው ያስጣልኳት» አለችኝ። ሰውዬው እንቅልፍ ላይ ነበር፣ የሆነውን አያውቅም። ቀጥላ፣ ምን እያስተማራችሁ ነው የምትልኩልን አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፣ ጮሃብኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ጭምቷ ናት።

ሐሙስ

ልጅቷ ታግዳለች። ደንቡ ግልጽ ነው፣ ሕመምተኛን ለአደጋ ያጋለጠ ተማሪ ይሰናበታል። ኮሚቴው ሰኞ ይቀመጣል። ቶሎቶሎ ቶሎ እንቁረጠው፣ ወሬው ሳይወጣ አለ።

ፈተናውን አሥራ ስምንት ያገኘች ልጅ ናት እኮ አልኩት። ደንግጣ ይሆናላ አለኝ። እኔም ደንግጣ ይሆናል አልኩ። ቀኑን ሙሉ ይህንኑ ለራሴ ስደጋግም ዋልኩ።

ያው ሐሙስ፣ ማታ

ላግዛት ብዬ ነው የከፈትኩት። የፈተና ወረቀቷን ለኮሚቴው ላሳይ፣ ታውቀዋለች ልል።

ልጅቷ የጻፈችው ፋይል ላይ እንዲህ ይላል፦ ሐኪሙ ያዘዘው ሃምሳ ሚሊግራም፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ያለው መቶ ሚሊግራም፣ ስለዚህ የሚቀዳው 5 ሚሊ። ከታች ያሉትም እንደዚያው ናቸው። አካፋፈሉን ታውቃለች፣ ነጥቧን ግን የትም አታስቀምጣትም። ይህ አሥራ ስምንት አይደለም። ይህ የሚያልፍ ወረቀት አይደለም።

ያን ያልከፈትኩትን ረጅሙን ዝርዝር ከፈትኩ። በሷ ቁጥር ሥር «የታረመ መልስ» የሚል ርዕስ አለ። ከሥሩ፣ ሥርዓት ባለው አጻጻፍ፣ 0.5 ሚሊ። አሥራ ስምንቱ የተሰጠው ለዚያ ነው። ሁሉም ተማሪ እንደዚያ ነው። የጎበዞቹ መልስ የሚታረም ነገር ስላልነበረው ነው ልክ የሆነልኝ።

ለምን እንዲህ አደረግህ ብዬ ጻፍኩለት። እንደ ሞኝ። «በትእዛዝዎ መሠረት መልሶቹን አርሜ፣ የታረሙትን በመመዘኛው ለክቻለሁ» አለኝ። በትህትና።

አርምልኝ አልኩት፣ አረመልኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ማረም ስል ቀይ እስክሪብቶ፣ ልክ፣ ስህተት፣ ከሃያ ይህን ያህል ማለቴ ነው። መምህር ያልሆነ ሰው ግን አርምልኝ ሲባል ስህተቱን አስተካክልልኝ ማለት አድርጎ ቢሰማው ምን ይፈረድበታል? ለማን ይሠራል፣ ምን ይጨምር፣ ምን ይተው ብዬ ሰው ሳሠለጥን ቆይቼ፣ ይህችን አንዲት ቃል ማስረዳት አልታየኝም። አንተና አንቺን አስተካክዬ ዋናውን ግስ አለፍኩት።

ደግሞ ያ ነጥብ። ነጥቡ አልገባኝም ስትለኝ ውጤቷ መሰለኝ። በቁጥሮቹ መሃል የምትገባውን ነጥብ ነበር የምትጠይቀኝ። ሁለቴ ነገረችኝ። በራስሽ ተማመኚ አልኳት፣ እሷም ታዘዘች።

ዓርብ

እትዬ ገና በጠዋቱ ጓሮ ነበረች። እንቅልፍ አልወሰደሽም አለችኝ፣ አልወሰደኝም። የሆነውን ነገርኳት። ማረም የሚለው ነገር መጀመሪያ አልገባትም። ከገባት በኋላ በእጇ የያዘችውን ጭብጥ አየች። «እኔም ሳርም እነቅላለሁ፣ እጥላለሁ። አረሙን ካሮት አላደርገውም» አለች።

የያዘችው ካሮት ነበር። አልነገርኳትም። ከእጇ ተቀብያት አብረን ገባን።

ከሰዓት ቶሎቶሎ ቢሮ ገባሁ። እየቆመ እየተቀመጠ ሰማኝ። ከዚያ በሩን ዘጋው። ውጤቱ ወደ በላይ ተልኳል፣ ትእዛዝሽ በሁሉም መምህር እጅ ነው፣ ያንቺ ወረቀት ከተነሳ የሁሉም ይነሳል አለኝ። ጎጂ ሰው አይደለም፣ ፈርቷል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሰውዬው ላይ የደረሰ ነገር የለም። የሳተችው ልጅቷ ናት። ተይው፣ በሚቀጥለው ሴሚስተር ትእዛዙን ታስተካክይዋለሽ» አለኝ።

አስብበታለሁ ብዬ ወጣሁ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። እሺም እምቢም አላልኩም፣ አስብበታለሁ ነው ያልኩት።

ቅዳሜ

እያሰብኩ ነው።

ዝም ብል ማን ያውቃል? ረጅሙን ዝርዝር ከኔ በቀር የከፈተው የለም። ልጅቷ ራሷ በድንጋጤ የተሳሳተች ይመስላታል። አይ፣ አይመስላትም። ሁሉንም ቀድማ ያወቀች እሷ ናት።

የአናቶሚው መምህር ደወለ። የኔን ትእዛዝ ቀድቶ እሱም እንዳረመበት፣ ልጆቹ በአንድ ጊዜ ሊቃውንት ሲሆኑ ነገሩ ሸትቶት እንደነበር፣ ግን ደክሞት እንደተወው ነገረኝ። «የቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰንበሌጥ» አለ። ተረቱ ለኃላፊያችን ይሁን ለኔ አልጠየቅኩትም።

ሰኞ

ኮሚቴ። ልጅቷ ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጣለች፣ እጇ ጭኗ ላይ። አባቷም መጥተዋል፣ የክት ኮታቸውን ለብሰው ኮሪደር ላይ ቆመዋል። ሰላም ስላቸው፣ ልጃችንን አደራ ብለውኝ ጎንበስ አሉ። እኔ ነኝ ጎንበስ ማለት የነበረብኝ።

ደብዳቤው ተነበበ። የዎርዱ ሲስተር ያየችውን ተናገረች። ቶሎቶሎ የምትሉት ካለ አለና ዓይኑን ከኔ አሸሸ። ተነሳሁ። «ይህች ልጅ ፈተናዬን አላለፈችም። ያሳለፍኳት እኔ ነኝ። እንዳልገባትም ልትነግረኝ መጥታ መልሻታለሁ» አልኩ። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጥኩላቸው፣ እሷ የጻፈችውንና ማሽኑ ያረመውን። የቀረውን ብዙ አላስታውሰውም። ሲስተሯ ወረቀቶቹን ረጅም ሰዓት አየቻቸው። «እንግዲያው ሌሎቹስ? አሁን ዎርዴ ውስጥ ያሉት?» አለች።

ያን አላሰብኩትም ነበር። እስከዚያች ደቂቃ የማስበው ስለ አንዲት ልጅና ስለ ራሴ ብቻ ነው።

ማክሰኞ

ልጆቹ በሙሉ ከሆስፒታል ተመለሱ። ውጤቱ ተሰረዘ። ለኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ሥልጠናውም ከእጄ ወጣ። ጭምቷ አትሰናበትም፣ ከሁሉም ጋር እንደገና ትፈተናለች። ቶሎቶሎ ኮሪደር ላይ ሲያልፈኝ ስልኩን ያያል። ደረጃው ላይ ሲያወሩ የሰማኋቸው ሁለቱ ልጆች ሲያዩኝ ዞረው ሄዱ። ሰምታ ቀየረችው ብለው ይሆናል።

እሁድ፣ አሥራ ሦስተኛ ሳምንት

ማረም። ከድጋሚው ፈተና በፊት ስህተታቸውን እንዲያዩት፣ ራሳቸው የጻፉትን አትሜ፣ በቀይ እስክሪብቶ። የአናቶሚው መምህር የኔን ግማሽ ሳልለምነው ወስዶልኛል፣ ለሂሳብ አልታማም ብሎ። የሱንም እየሠራ ነው። አንገቴ አልዞር ብሏል። ሲያጋጥሙኝ የሚያስደነግጡ አሉ፣ ጭምቷ ብቻዋን አልነበረችም።

ትእዛዙን ጥዬ አልጣልኩትም፣ የማይቀር ነገር ነው። እንደገና ጻፍኩትና ለሁሉም ላኩ፦ «ከተማሪው ጽሑፍ አንዲት ፊደል፣ አንዲት ቁጥር፣ አንዲት ነጥብ አትንካ። መጀመሪያ ራሱ ተማሪው የጻፈውን እንዳለ ጥቀስ። የት እንደሳተ አሳይ፣ አታስተካክልለት። የመጨረሻውን ነጥብ የሚሰጠው መምህሩ ነው።» ማረም የሚለው ቃል የለበትም። የመለሰልኝ ሰው የለም።

እትዬን የዓይን ሐኪም ጋ ወሰድኳት። ሞራ ነው፣ በሁለቱም። ቆይቷል አሉ። ለምን አልነገርሽኝም ስላት፣ ሥራ በዝቶብሽ አይቼ አለች። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል። የኔ ዓይን ደህና ነበር።

ረቡዕ

ወረቀት መለስኩ። አንዳንዶቹ አልቅሰዋል፣ አንዱ በር ወርውሮ ወጣ። ልክ ነው።

ጭምቷ የመጣችው ሌላው ሁሉ ከሄደ በኋላ ነው። ወረቀቱን ሰጠኋት። ከሃያ አራት። ነጥብ የጎደለበት ቦታ ሁሉ በቀይ ከብቤዋለሁ፣ ገጹ ኩፍኝ የወጣበት ይመስላል። ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት እሷ ገና እያነበበች ነበር፣ ጣቷን ከአንዱ ክብ ወደ ሌላው እያስኬደች። ጨርሳ አራቷን አየቻት።

«ይሄ የኔ ነው» አለች።

ወንበር ሳብኩላት። ከነጥቧ ጀመርን።